ረቡዕና ዓርብ የሚሻለው ቡችላ

ባለፈው ወር የደም ግፊት መድኃኒቴን ልወስድ ፍኖተ ሰላም ከሚገኝ አንድ መድኃኒት ቤት ሰልፍ ይዤ ቆሜ ነበር። ሙቀቱ ከአስፋልቱ ይነሳል፤ ባጃጆቹ ጡሩምባቸውን እየነፉ ያልፋሉ፤ እግሬ ከጠዋት ጀምሮ አብጦ ጫማዬ ጠቦኛል። ከፊቴ የቆመችው ወጣት በክንዷ ዘንቢል አንጠልጥላ ነበር። ዘንቢሉ አልፎ አልፎ ይንቀሳቀሳል። ዶሮ መስሎኝ ነበር። ተራዋ ሲደርስ የሸፈነችበትን ፎጣ ገልጣ አንድ ቡችላ አወጣችና መስኮቱ ላይ አስቀመጠችው።

«እህቴ፣ እዚህ እኮ የሰው መድኃኒት ነው ያለው» አላት ባለሙያው።

«አውቃለሁ። ይሄን ብቻ እይልኝ» አለችና የቡችላውን ፀጉር ወደ ኋላ ገፋ አደረገችው። «ጠዋት አልነበረም። አሁን ወጣበት። ማታ ደግሞ ይጠፋል። ሦስት ሳምንት ሆነው። እኔም እንቅልፍ አጣሁ።»

ከኋላዬ የቆመ ሰው ሳቀ። እኔ ግን ጠጋ ብዬ አየሁ። ሽምብራ ሽምብራ የሚያህሉ እብጠቶች ከትከሻው እስከ ጅራቱ ተበትነዋል፤ በየእብጠቱ ላይ ፀጉሩ ቆሟል። ሳልነካው ጣቶቼ ዐወቁት።

«ምን ይበላል?» አልኳት።

«ያው የቤት ትራፊ ነው እማማ። ሌላ የለም።»

ወደ እንስሳት ክሊኒክ እንድትወስደው ተነግሯት ወጣች። እኔም መድኃኒቴን ይዤ ወጣሁና በሩ አጠገብ ካለች አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ያቺ «ሌላ የለም» የምትል ቃል፣ ከሠላሳ ዓመት በፊት በዚሁ ከተማ ከእኔ አፍ የወጣች ነበረች። ወደ ቤት ለመሄድ መነሳት አቃተኝ።

ያኔ ሃያ ዓመቴ ነበር። ቡሬ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨረስኩና የማትሪክ ውጤቴ የትም የማያደርስ ሆኖ ተገኘ። ጓደኞቼ ገሚሶቹ ባሕር ዳር፣ ገሚሶቹ ደብረ ማርቆስ ገቡ። እኔ አንድ ወር ያህል ከቤት ሳልወጣ ቆየሁና አንድ ቀን እናቴ ልብሴን በጨርቅ ቋጥራ ሰጠችኝ። ታላቅ ወንድሟ አያ ሙላት ዓይናቸው ከጠፋ ዓመት አልፎት ነበር። ሚስታቸው ሞተዋል፤ አንዲት ልጃቸው አዲስ አበባ ናት። የሚያበስልላቸው፣ ውሃ የሚቀዳላቸው፣ እሑድ እሑድ በትራቸውን ይዞ ቤተ ክርስቲያን የሚያደርሳቸው ሰው ጠፋ። «ለጊዜው ነው» አለች እናቴ። ጊዜው ምን ያህል እንደሆነ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳትም። የምሄድበት ሌላ ቦታ አልነበረኝም።

አያ ሙላት የሚኖሩት ማንኩሳ፣ ከዋናው መንገድ ጥቂት ገባ ብሎ ባለ የቆርቆሮ ቤት ነበር። ዕድሜያቸውን በሙሉ የመንገድ ጥገና ፎርማን ነበሩ። ከደምበጫ እስከ ቡሬ ያለውን መንገድ ጎድጓዳውንም ጉብታውንም በቃላቸው ያውቁታል ይባል ነበር። ረጅም፣ ከሲታ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማይናገሩ ሰው ናቸው። ክፉ አልነበሩም። ነገር ግን ዓይን የሌለው ሰው ቤት ውስጥ አንድ ኩባያ ቦታውን ሲለቅ የቤቱ ሥርዓት ሁሉ ይፈርሳል፤ እኔ ደግሞ ዕቃን ወደ ቦታው መመለስ የማላውቅ ልጅ ነበርኩ። «ውባንቺ፣ በርጩማው የት ሄደ?» ይሉኛል ቀስ ብለው። በርጩማው እኔ ረስቼ የተውኩት ቦታ ላይ ይሆናል፤ እሳቸው ደግሞ ቀድመው በቅልጥማቸው አግኝተውታል።

ጠዋት ሁለት ጊዜ ከቦኖ በጀሪካን ውሃ እቀዳለሁ። ከዚያ ቁርስ፣ ከዚያ ግቢ መጥረግ፣ ከዚያ ምሳ። ሃያ ዓመት የሆነው ጉልበት ውሃ መሸከም አያቅተውም፤ ያደከመኝ ነገ ምን እንደምሠራ ዛሬ ማወቄ ነበር። ከሰዓት በኋላ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ወደ ባሕር ዳር የሚያልፉትን አውቶቡሶች ድምፅ አዳምጣለሁ። አያ ሙላትም ያዳምጣሉ። «ይሄ ሦስተኛ ማርሽ አልገባለትም» ይላሉ ለራሳቸው።

ገና ባለፈ በሳምንቱ፣ ድሮ በእሳቸው ሥር ድንጋይ ይፈልጥ የነበረ አንድ ገበሬ ከገጠር መጣና በስልቻ የያዘውን ቡችላ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጠላቸው። «ለዓይንዎ ምትክ ባይሆን ለጆሮዎ ይሆናል፤ ሌባ ሲመጣ ይነግርዎታል» አላቸው። እኔ ሌላ የምመግበው አፍ መጣብኝ ብዬ ፊቴን አጠቆርኩ። ፊቴን ያየው ግን ገበሬው ብቻ ነበር።

አያ ሙላት ስሙን ታዘበው አሉት። በእኛ አገር ለውሻ ስም ሲወጣ የሚሰማው ጎረቤት ነው። አጥር የምንጋራቸው እትዬ አለሚቱ የሚባሉ ባል የሞተባቸው ሴት ነበሩ። በክረምት የጣሪያቸው ውሃ ወደ አያ ሙላት ግቢ ይወርዳል፤ በዚህ የተነሳ ሁለቱ ከተኳረፉ ሦስት ክረምት አልፏል። ስለዚህ እትዬ አለሚቱ ወደ ጓሯቸው ሲወጡ የበራቸው ማጠፊያ ሲጮህ፣ አያ ሙላት ደጃፋቸው ላይ ሆነው «ታዘበው፣ ና ታዘበው» ይላሉ። ሰሙ ለውሻው ነው፤ ወርቁ አጥር ይሻገራል። እትዬ አለሚቱም ገብቷቸው ያስላሉ። ውሻው ብቻ ነበር ነገሩን ሳያውቅ ጅራቱን እየቆላ የሚመጣው።

ሦስት ዶሮዎች ነበሩን፤ የአያ ሙላት ሚስት ሲሞቱ ትተዋቸው የሄዱ። እንቁላሉ ለጫጩትና ለእንግዳ ነው ብለው ገና በመጣሁ ቀን ነግረውኛል። እኔ ግን ከቦኖ ስመለስ ሆዴ ይሞረሙረኛል። አንድ ቀን አንድ እንቁላል ቀቅዬ ጓዳ ቆሜ በላሁ። ቡችላው እግሬ ሥር ተቀምጦ ቀና ብሎ ያየኝ ነበር። በዚያ ቤት ሰው በዓይኑ ካየኝ ሰንብቷል። ግማሿን ሰጠሁት። ከዚያ ወዲያ የየቀኑ ልማዳችን ሆነ፤ ሁለት ሲገኝ አንድ አንድ፣ አንድ ሲገኝ እኩል። ረቡዕና ዓርብ ብቻ እንተዋለን። ለውሻ ጾም ኖሮት አይደለም፤ እኔ እየጾምኩ ለእሱ ብቻ መቀቀል ስላልመጣልኝ ነው።

«ዶሮዎቹ ምነው ነፈጉን?» ይሉኛል አያ ሙላት።

«ሙቀቱ ይሆናል» እላለሁ።

እብጠቱን መጀመሪያ ያገኙት እሳቸው ናቸው። ጥምቀት ካለፈ በኋላ ነው። ፀሐይ እየሞቁ ቡችላውን ሲያሻሹ እጃቸው ቆመ። «ነይ እስኪ። ጀርባው ኮረኮንች ሆኗል» አሉኝ። ባየው እውነትም ከአንገቱ ጀምሮ እብጥ እብጥ ብሏል። ቁንጫ ነው አልኩ። ማታ ላይ ጠፋ። በማግስቱ ቀትር ላይ ተመለሰ። በሳምንቱ ጆሮው ውስጡ ቀልቶ ወፈረ፤ መዳፉን ማኘክ፣ ሆዱን በኋላ እግሩ መቧጨር ጀመረ። የቧጨረው ቦታ ውሃ ይቋጥራል፤ ውሃው ሲፈነዳ ፀጉሩን ይዞ ይወድቃል።

እንግዲህ ያላደረግነው የለም። የሚተኛበትን የጤፍ ጭድ አውጥቼ አቃጠልኩ። ወለሉን በፈላ ውሃ አጠብኩ። ግራዋ ቀቅዬ ውሃውን አቀዝቅዤ ሰውነቱን አጠብኩት፤ ሁለታችንም ግራዋ ግራዋ ሸተትን። ወቅቱ በርበሬ ተለቅሞ በየግቢው የሚሰጣበት ነበርና አንዱ መንገደኛ የበርበሬው ብናኝ ነው አለን፤ ቡችላውን ስጡ ከማይደርስበት ከቤቱ ጀርባ ወሰድኩት። ሌላው ነጭ ጋዝ ቀቢው አለኝ። አያ ሙላት ይህን ሲሰሙ «በእሳት ላይ ጋዝ?» ብለው ከለከሉኝ፤ ደግ አደረጉ። ይህ ሁሉ ሥራ በውሃውና በወጡ ላይ የተጨመረ ነው። ቡችላው ባከከ ቁጥር እኔንም ያሳክከኝ ጀመር። አንዳንድ ቀን ቢሞት ይሻለው ነበር ብዬ አስባለሁ፤ ወዲያው ደንግጬ እንቁላሌን አካፍለዋለሁ። እንዲበረታ።

አያ ሙላት በየቀኑ ከምሳ በኋላ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው በጣታቸው ይቆጥሩታል። «ዛሬ አሥራ አንድ።» «ዛሬ ዘጠኝ፤ አንዱ ግን ትልቅ ነው።» እንዲህ ሲሉ አንድ ቀን ፈገግ አሉ። «ይገርምሻል፣ ረቡዕና ዓርብ ይሻለዋል። ይሄ ውሻ ጾም ያውቃል።» እኔም ሳቅኩ። በነነዌ ሦስቱን ቀን ደህና ሆኖ ሰነበተ፤ በአራተኛው ቀን ባሰበት። ያኔም ቆጥረው ነገሩኝ። ከንግግራቸው ውስጥ እኔ የሰማሁት ቀልዱን ብቻ ነበር።

ሁዳዴ ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው ከንፈሩ አብጦ ተነሳ። አያ ሙላት ዳሰሱትና «ነገ ፍኖተ ሰላም እንሄዳለን» አሉ።

ከቡሬ የሚመጣ አውቶቡስ ጠበቅን። ረዳቱ ቅርጫቱን ገልጦ ሲያይ ውሻ አንጭንም አለ። አያ ሙላት እጃቸውን በሩ ላይ አድርገው «ልጄ፣ ይሄን መንገድ ሳስጠርግ አንተ አልተወለድክም። ጉልበቴ ላይ ነው የሚቀመጠው» አሉት። ረዳቱ ፊታቸውን አየ፤ ዓይናቸውን አየ፤ መንገድ ለቀቀ።

ክሊኒኩ ግቢ በሬዎች ታስረዋል፤ ጀርባዋ የተላጠ በቅሎ ቆማለች። ገበሬዎቹ አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ለቡችላ ሐኪም ፍለጋ መምጣቱን አይተው ተያዩ፤ ግን አክብረው ወረፋ ለቀቁልን። ባለሙያው የላስቲክ ቦቲ ያደረገ ወጣት ነበር። ቡችላውን ገለባበጠው፤ ጆሮውን አየ፤ ቆዳውን በቀጭን ምላጭ ፋቅ አድርጎ በማጉያ መስታወት ተመለከተ።

«ቅንቅንም እከክም አይደለም» አለ። «ሰውነቱ የማይስማማው ነገር አግኝቷል። አለርጂ ነው የምንለው። ምኑ እንደሆነ ግን እኔ ከዚህ ሆኜ ላውቅ አልችልም። ምንድን ነው የምታበሉት?»

አያ ሙላት ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ። «እሷ ናት የምታበላው።»

«የቤት ትራፊ ነው» አልኩ። «እንጀራ፣ ሽሮ፣ አንዳንዴ የዳቦ ፍርፋሪ።»

«ሌላስ? ወተት፣ ሥጋ፣ እንቁላል?»

የአያ ሙላት እጅ ቅርጫቱ ላይ ነበር። ጣታቸው ሲቆም አየሁት።

«ሌላ የለም» አልኩ።

ባለሙያው መርፌ ወጋውና ከተማ ሳንወጣ ከንፈሩ ሟሸሸ። ስንመለስ አያ ሙላት የቡችላውን ጀርባ በጣታቸው ደጋግመው ቆጠሩ። እኔ በአውቶቡሱ መስኮት የደረቀ የበቆሎ ማሳ እያየሁ፣ ለአንድ እንቁላል ብዬ የዋሸሁትን ውሸት ትንሽ ናት እያልኩ ራሴን አባብል ነበር። ቡችላው የሚታመመው በእንቁላሉ ነው ብዬ ፈጽሞ አልጠረጠርኩም። እንቁላል ለበሽተኛ የሚሰጥ ነገር አይደለም እንዴ። በማግስቱ ሰጠሁት፤ በዚያው ቀን አበጠ።

በዚያ ሳምንት ነው አያ ሙላት ከአንድ ሐሳብ ላይ የደረሱት። ባለሙያው የማይስማማው ነገር ይበላል ብሏል። ቤት ውስጥ ደግሞ ሌላ የሚበላው ነገር የለም። ስለዚህ ከውጭ የሚወረወርለት አለ። ከውጭ ያለው ደግሞ አንድ አጥር ብቻ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሁለት ሽማግሌዎች ደጃፋችን ላይ ተቀመጡ። እትዬ አለሚቱ ተጠርተው መጡ፤ ነጠላቸውን አጣፍተው ቆሙ። አያ ሙላት እንደ ልማዳቸው ቀስ ብለው ተናገሩ። «እኔ ሰው አልከስም። ውሻዬ ግን ከአጥር ማዶ የሚመጣ ነገር እየበላ ነው ብዬ እሰጋለሁ።»

«አያ ሙላት» አሉ እትዬ አለሚቱ፣ «ጣሪያዬ በድሎዎታል፤ እሱን አምናለሁ። ውሻዎን እኔ ምን አደርገዋለሁ? ስሙን ስሰማ ከመኖር በቀር ምን አደረግኩት?»

ሽማግሌዎቹ እንግዲህ የሆነው አልፏል፣ ወደፊት ጥንቃቄ ይደረግ ብለው ነገሩን ሸፈኑት። የተሸፈነው ነገር ግን እትዬ አለሚቱ ላይ ቀረ። እኔ በእጄ ውሃ የያዘ ጣሳ ይዤ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። እትዬ አለሚቱ ሲወጡ አንድ ጊዜ አዩኝ። ዓይኔን ሰበርኩ።

በማግስቱ ሁዳዴ ገባ። ከዶሮዎቹ አንዷ ታቀፈች፤ እኔም እንቁላል መንካት ተውኩ። በጾሙ የመጀመሪያ ሳምንት የቡችላው እብጠት ቀነሰ። በሁለተኛው ጠፋ። ደብረ ዘይት ላይ የተላጠው ሆዱ ፀጉር አወጣ፤ ቦኖ ድረስ ተከትሎኝ መሮጥ ጀመረ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

«አየሽ?» አሉኝ አያ ሙላት፣ ጀርባውን ከላይ እስከ ታች ዳስሰው ምንም ሲያጡ። «ሲነገራት ተወችው።»

መንደሩም ይህንኑ አለ። ቡችላው በዳነ ቁጥር እትዬ አለሚቱ በደለኛ እየሆኑ ሄዱ። ቦኖ ላይ ሴቶቹ ሲያዩዋቸው ወሬያቸውን ያቋርጣሉ። እሳቸውም ከሰው ቀድመው፣ ገና ጎህ ሲቀድ ውሃ ቀድተው መመለስ ጀመሩ። ለሰሙነ ሕማማት ቡሬ ልጃቸው ዘንድ ሄዱ፤ በራቸውን ሲቆልፉ ሰማሁ። በዓሉን በሰፈራቸው ማሳለፍ ሳይከብዳቸው አልቀረም።

የፋሲካ ዕለት ጠዋት ወጡን አውርጄ፣ ለአያ ሙላት አቅርቤ ወደ ጓዳ ገባሁ። ታዘበው በር ላይ ቆሞ ጅራቱን ይቆላል። ሁለት ወር ሙሉ ደረቅ እንጀራ በልቶ ከእኔ ጋር ጾሟል። እሱም ይፈስክ ብዬ አንድ ሙሉ እንቁላል ላጥኩለት። በሁለት ጉርሻ ጨረሰው።

ወጡን ገና ሳንጨርስ መጣና አያ ሙላት እግር ሥር ወደቀ። ዓይኑ በእብጠት ተዘግቷል፤ አፉ የሌላ እንስሳ አፍ መስሏል፤ ሲተነፍስ ያፏጫል።  እሳቸው በርጩማውን ገፍተው መሬት ላይ ተቀመጡ፤ አገጩን ጭናቸው ላይ አድርገው አንገቱን አቀኑለት፤ ምላሱን በጣታቸው ወደ ጎን ያዙለት። በዓል ነው፤ ክሊኒክ የለም፤ መኪና የለም። ከጠዋት እስከ ፀሐይ መዘቅዘቅ እንደዚያ ተቀመጡ። እኔ ቀዝቃዛ ውሃ በጨርቅ እየነከርኩ ፊቱ ላይ አደርጋለሁ። የፊታችን ወጥ ረግቶ ቀረ።

እኩለ ቀን ላይ ነው የጠየቁኝ።

«ጎረቤታችን ቡሬ ናት። ዛሬ ምን በላ?»

«እንቁላል» አልኩ።

«ከጾሙ በፊትስ?»

«በየቀኑ።»

«ረቡዕና ዓርብስ?»

«አልሰጠውም ነበር።»

«ነነዌስ?»

«ነነዌም አልሰጠሁትም።»

እጃቸው የቡችላውን ደረት እያዳመጠ ነበር። ቆይተው፣ ያለ ቁጣ፣ በጣም ደክሞት የመጣ ሰው በሚናገርበት ድምፅ «እኔ ዕውር ነኝ ውባንቺ» አሉ። «ያልነገርሽኝን ከየት አያለሁ?»

ጨርቁን ውሃ ነክሬ መልሼ የቡችላው ፊት ላይ አደረግኩ። ማልቀስም አልቻልኩም። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ፉጨቱ ቀነሰ። አንዱ ዓይኑ ተከፈተ። አያ ሙላት ለመነሳት ሲሞክሩ እግራቸው ደንዝዞ እምቢ አላቸው፤ ደግፌ አነሳኋቸው።

እትዬ አለሚቱ ከቡሬ የተመለሱ ዕለት አያ ሙላት ነጠላቸውን እንድሰጣቸው አዘዙኝ። በትራቸውን ይዤ በአጥሩ ዞረን ሄድን። በሦስት ዓመት ውስጥ ያን በር ሲያልፉ የመጀመሪያቸው ነበር። ገብተው ሳይቀመጡ «አለሚቱ፣ በደልኩሽ» አሉ። «ውሻውን ያሳመመው ከእኔ ቤት የወጣ ነገር ነው። በሰው ፊት ነው የከሰስኩሽ፤ እሑድ በሰው ፊት እክሳለሁ። ይቅር በይኝ።»

«ምን ኖሯል ያሳመመው?» አሉ እትዬ አለሚቱ።

«የቤቴ ነገር ነው። ጥፋቱም የእኔ ነው።»

ለመናገር አፌን የከፈትኩ ይመስለኛል። በትሩን ጨበጥ አድርገው ያዙብኝ። እኔም በዚያ ተጠልዬ ዝም አልኩ።

«እግዚአብሔር ሁላችንንም ይቅር ይበለን» አሉ እትዬ አለሚቱ። «እንግዲህ አንድ ነገር ልለምንዎ። ያን ስም ተዉልኝ።»

ከዚያ በኋላ አያ ሙላት ስሙን ጠርተውት አያውቁም። ውሻው ሌላ ስም አልለምድ ስላለ በፉጨት ይጠሩት ነበር። ክረምቱ ሲገባ ሁለት ጎበዞች ጠርተው ከአጥሩ ሥር ቦይ አስቆፈሩ፤ ልኩን ራሳቸው በበትር እየነኩ፣ ውሃው ወዴት እንደሚወርድ እያዘዙ። የእትዬ አለሚቱ ጣሪያ ውሃ በዚያ በኩል ወደ መንገዱ ወረደ። በዚያው ክረምት መጨረሻ እናቴን አስጠሩና «ይቺ ልጅ ትማር» አሏት። መምህራን ማሠልጠኛ ገባሁ። አያ ሙላት ከአራት ዓመት በኋላ አረፉ። ውሻው ለማን እንደቀረ አልጠየቅኩም።

ከመድኃኒት ቤቱ በተመለስኩ በሁለተኛው ሳምንት፣ ተዘግቶ የሰነበተው መንገድ ተከፍቷል ሲባል፣ ማንኩሳ ሄድኩ። እንዲህ ዓይነት ነገር ይዞ ሠላሳ ዓመት መቆየት እንደሚቻል ለራሴም ይገርመኛል። አስተምሬያለሁ፤ ወልጃለሁ፤ ባሌን አስታምሜ ቀብሬያለሁ። በየሆስፒታሉ ሐኪም ሲጠይቅ ቤተሰብ አንድ ነገር ሲያስቀር አይቻለሁ፤ ያስቀሩትንም ከፊታቸው አውቀዋለሁ።

እትዬ አለሚቱ ሰማንያ አልፏቸዋል። ግድግዳ ተደግፈው ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው እጄን ይዘው አልለቀቁኝም። ጆሯቸው ስለደከመ ጠጋ ብዬ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳቸው። እንዲህ ያለውን ነገር ጮክ ብሎ መናገር ከባድ ነው።

«እንቁላሉ ኖሯል ያሳመመው?» አሉ። «እሱን አላወቅኩም ነበር።»

«የቱን ነው የሚያውቁት?»

«መብላትሽን ነዋ። ቅርፊቱን በአጥሩ ላይ ወደ እኔ ጓሮ አልነበር የምትወረውሪው? ከጎመኔ ሥር እለቅመው ነበር።»

ፈጽሞ ረስቼው ነበር። ሲናገሩት ግን ክንዴ አስታወሰው፤ በአጥሩ ላይ ተንጠራርቼ፣ ቅርፊቱን ጨፍልቄ፣ አያ ሙላት እንዳይረግጡት ወደዚያ ማዶ።

«ሽማግሌዎቹ ፊት ለምን ዝም አሉ ታዲያ? ልጅቷን ጠይቋት ቢሉ እኮ ነጻ ነበሩ።»

እትዬ አለሚቱ ነጠላቸውን ወደ አገጫቸው ሳቡ። «ልጅ ርቧት እንቁላል በላች ብዬ ሽማግሌ ፊት ልናገር? ከቦኖ ስትመለሺ አይሽ ነበር። ጀሪካኑን አውርደሽ አጥሬን ተደግፈሽ ትቆሚ ነበር። ደክሞሽ ነበር እኮ።»

እኔ በዚያ ዓመት የሚያየኝ ሰው የለም ብዬ ነበር የኖርኩት። ዋሽቼም፣ ሰርቄም፣ ሰው አስወቅሼም ድካሜን የማያውቁ ሰዎች መሐል ነኝ ብዬ ራሴን ይቅር ስል ኖሬያለሁ። ድካሜን ያወቁት ሴት ግን የእኔን ጥፋት ተሸክመው ጎህ ሲቀድ ውሃ ይቀዱ ነበር። ይቅርታ ጠየቅኳቸው። «ምን ያደርጋል አሁን» አሉ፤ ይቅር ማለታቸው ይሁን መሰልቸታቸው አልለየሁም። ፀሐይዋ ዞራ ፊታቸው ላይ መጥታ ነበርና በርጩማቸውን ወደ ጥላው እንዳዞርላቸው ጠየቁኝ። አዞርኩላቸው። እኔም አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጥኩ፤ ለመሄድ አልቸኮልኩም።